የሽምብራ የአፍ ጠረን

ይድረስ ለምወድህ፣ ሰሞኑን ደግሞ ላኮረፍኩህ ወንድሜ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ክሬኑ ላይ ስትወጣ የሚይዝህ የጉልበት ቁርጥማት ለቀቀህ ወይስ አብሮህ ከረመ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህል በሰዓቱ ትቀምሳለህ ወይስ አሁንም እንደ ልጅነትህ ቆመህ እየጎረስክ ነው? አብሮህ የሚኖረው ራሰ በራው በያጅ ዓይኑን አሞታል ብለኸኝ ነበር፤ ተሻለው? የወደቡ ንፋስ ከበረታ ያንን ገበር ያለውን ጃኬት ከሻንጣህ አውጥተህ ልበሰው፤ ሻንጣህ እንዳይበርደው ብዬ አይደለም የሰፋሁልህ።

እኔ ደህና ነኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ መቀጠል የደብዳቤ ወግ ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጅህ ሽምብራ ሆስፒታል ናት። አትደንግጥ፤ ክፉው አልፏል። ይህን ስጽፍ ከፊት ለፊቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በጎን ካለው አልጋ ላይ ከተኛችው ልጅ ጋር ካርታ ትጫወታለች፤ እያሸነፈቻትም ነው። አስቀድሜ ይህን የምነግርህ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ረጋ ብለህ እንድታነበው ነው። በስልክ ያልነገርኩህም ወድጄ አይደለም። እኔ ስናደድ አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ ደግሞ አንተ «በይ በቃ፣ ሌላ ቀን እንነጋገራለን» ትለኛለህ፤ ሌላው ቀን ሲደርስ እናታችን ቀድማ የልቧን ነግራህ ትጠብቀኛለች። ወረቀት ግን እስክጨርስ ይታገሠኛል።

እንግዲህ በግልጽ ልንገርህ፤ አስጠልታችሁኛል። እናታችንም፣ አጎታችንም፣ አንተም ጭምር። ታላቅ እህትህ ነኝና እንዲህ ስልህ አይክፋህ፤ ቢከፋህም ይክፋህ። ሰሞኑን ምግብ ሳይ ያቅለሸልሸኛል፤ ያደግንበት ቤት በር ጋ ስደርስ ወደ ማዶ ተሻግሬ አልፋለሁ። ለምን እንደሆነ ከሥሩ እነግርሃለሁ።

አንተ ጋ የደረሰው ወሬ ይህ ነው። ሽምብራ የስኳር ሕመም አለባት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እናታችን ጧትና ማታ ሳታጓድል ኢንሱሊኗን ትወጋታለች፤ ልጅቷ ግን እየተደበቀች ከረሜላ ትበላለች፤ ስኳሯ አልወርድ ያለው በዚህ የተነሳ ነው። አንተም ይህን ሰምተህ ባለፈው ስትደውል «መዋሸቷን እስክትተው ድረስ ስልክ ላይ እንዳታቀርቡብኝ» አልክ። ያን ስትል ሽምብራ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። እናታችን ጆሮዋ ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ እንደምትሰማ ታውቃለህ። ልጅቷ ቅርጫቱን አንስታ አንሶላ ልታሰጣ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ «አባቴ» የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

የልብስ ማጠቢያ ቤታችንን ከሄድክ ወዲህ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ወለሉ አሁንም አይደርቅም። ቦዩ አሁንም በሰው ፀጉርና በሳሙና አረፋ ይደፈናል፤ የሚከፍተው ሰው ጣቱን ይሰዳል። ከእንግዳ ማረፊያዎቹ የሚመጣው አንሶላ አሁንም ሰዎች የሠሩትን ሁሉ ይዞ ይመጣል። እናታችን ደግሞ አሁንም ሁሉን ነገር ታቀጥናለች። በረኪናውን በውሃ ታቀጥናለች፣ ፈሳሽ ሳሙናውን ታቀጥናለች፣ ለሸሚዝ አንገት የሚሆነውን ስታርች ታቀጥናለች። «እኔ እጅ የገባ ነገር አያልቅም» ትል የለ? እኛም ይህን እንደ ሙያ ቆጥረንላት አደግን። ሌሎቹ ልብስ አጣቢዎች ሲዘጉ የእኛ ያልተዘጋው በዚህ ነው እያልን ስንኮራ ኖርን። አንተማ እዚያ ላሉት ጓደኞችህ ሁሉ «እናቴ አንድ ጠርሙስ በረኪና ክረምት ታሻግራለች» እያልክ እንደምታወራ ራሰ በራው ነግሮኛል።

አጎታችን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ሽምብራን ሥራ አደረጋት። ጧት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ያቆማታል። «ክፈቺ» ይላታል። አፏን ትከፍታለች። አፍንጫውን ከከንፈሯ አስጠግቶ ያሸታታል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ትንባሆ የሚሸት ጢሙን ፊቷ ላይ አድርጎ። ከዚያ ወደ እናታችን ዞሮ «ከረሜላ ነው» ይላል፣ ሕመም እንዳገኘ ሐኪም ደረቱን ነፍቶ። እዚህ ላይ አልዋሸም፤ አፏ ይሸት ነበር። ሳቅፋት እኔም ሸቶኛል። የከረመ ፍራፍሬ ዓይነት፣ ጣፋጭ ሆኖ የሚያስጠላ ሽታ ነው። ምን በልተሽ ነው ብዬ ስጠይቃት «ምንም አልበላሁም አክስቴ፣ በእናቴ አፈር» አለችኝ። ሽምብራ በእናቷ አፈር በከንቱ አትምልም፤ ግራ ገባኝ እንጂ አልተጠራጠርኳትም።

እነሱ ግን ጥርጣሬ የሚባለውንም አልፈው ነበር። ፍራሿን ገለበጡት። የደብተር ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ዘረገፉት። የስኳሩ ጣሳ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ እናታችን አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ባለሱቁ እንዳይሸጥላት ተነገረው፤ እሱ ለልጆቹ ነገራቸው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ወሰዱትና «የከረሜላ ሌባ» የሚል ስም ወጣላት። የተከራከረላት ልብስ ተኳሹ ብቻ ነው። «እኔ የሰው ኪስ ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህች ልጅ ኪስ ክር እንጂ የከረሜላ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም» አላቸው። አጎታችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወረቀቱንም ትበላዋለች» አለ።

በሽንቷ የሚወጣው ስኳር ጠርቶት ሽንት ቤቱ ዙሪያ ጉንዳን መሰለፍ ሲጀምርም አልባነኑም። እናታችን ጉንዳኑ ላይ በረኪና አፈሰሰችበት። እሱም የቀጠነ ስለነበር ጉንዳኑ እንኳ አልሞተም።

አሁን የምጽፈው ለወንድም የሚጻፍ አልነበረም፤ ግን አባቷ ነህና ስማው። የደንብ ልብሷን በየዓመቱ የምሰፋላት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ልኳን ስወስድ ያው የአምናው ሆነብኝ። ሜትሩን ያጣመምኩ መስሎኝ እንደገና ለካሁ። ትከሻዋ አልሰፋም፣ እጅጌዋ አልረዘመም፤ ጭራሽ ወገቡን ማጥበብ ነበረብኝ። እኩዮቿ ሴት ሆነዋል፤ እሷ የወር አበባ አይታ አታውቅም። ሽምብራ ያልካት ስትወለድ አንሳ ስላየሃት ነው፤ እንደ ስሟ ትቅር ብለህ ግን አልነበረም። ቦርድ አይታየኝም ብላ አስተማሪዋ ከፊት ወንበር ሲያስቀምጧት አጎታችን «ትምህርት ሲጠላ ዓይንም ይታመማል» ብሎ አሾፈባት። ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር ስኳሯ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እናታችን «ከረሜላ ትሰርቃለች» ትላለች፤ እነሱም የመርፌውን መጠን ይጨምሩላታል። እናታችን የተጨመረውን ያህል ትወጋለች። መጠኑ ያድጋል፣ ስኳሩ አይወርድም፣ ልጅቷ ትከሳለች። ራሴ ልውጋ ብትልም «ጠብታ ታፈሻለሽ» ተባለች፤ ብልቃጡን እንድትነካው አልተፈቀደላትም።

የወደቀችው ቅዳሜ ጧት ነው። ሆዴን ቆረጠኝ እያለች ከልብስ ተኳሹ ጋር አንሶላ ስታጥፍ ድንገት አስመለሳት፤ ታጥቦ በተተኮሰው ላይ። እናታችን እዚያው ነበረች። መጀመሪያ ያየችው አንሶላውን ነው። «ሰኞ የሚወሰድ ነበር» አለች። ይህን የነገረኝ ልብስ ተኳሹ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ልጅቷን ተሸክሞ ታክሲ ያስገባትም እሱ ነው፤ እኔ ከስፌት ቤት ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ትንፋሿ ከሆዷ ሥር እየተጎተተ ይወጣል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስጠራት ዓይኗን አትገልጥም። አብሯቸው የተሳፈረው አጎታችን ከፊት ወንበር ዞሮ «አልኳችሁ፤ ሸተታችሁ አይደል? ዛሬማ ጠግባ ነው የበላችው» አለ። እንደዚያን ቀን ሰው ላይ መትፋት አምሮኝ አያውቅም። ምራቄን ዋጥኩት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟም ጎንበስ ብላ ትንፋሿን አሸተተች። አጎታችን ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። «ከረሜላ ነው ዶክተር፣ እኔ በየጧቱ እመሰክራለሁ» አላት። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስኳሩ በደሙ ሞልቶ እያለ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ስለዚህ የራሱን ስብ እያቃጠለ ይኖራል፤ ከዚያ የሚወጣው መርዝ ደምን ያኮመጥጣል፣ ትንፋሽንም እንዲህ እንዲሸት ያደርገዋል። «ይህ የከረሜላ ሽታ አይደለም፤ ልጅቷ እያለቀች እንደነበር የሚናገር ሽታ ነው። በየጧቱ ካሸተቱት ለምን በየጧቱ አላመጧትም?» አለችው። አጎታችን ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

ፈሳሽና ኢንሱሊን በደም ሥሯ እየሰጡ መለሷት። ነቅታ ምግብ መቅመስ ስትጀምር ሐኪሟ «ቤት ስንት ነበር የምትወጋው?» ብላ ጠየቀች። ተከትላን የመጣችው እናታችን ቁጥሩን አንድም ሳትስት ተናገረች። ያንኑ ያህል ከሆስፒታሉ ብልቃጥ ቀድተው ወጓት። ብዙም ሳይቆይ ግን ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ እኔን «እማዬ» እያለች ትርጉም የሌለው ነገር መናገር ጀመረች። ነርሷ ጣቷን ወግታ ስኳሯን አየችና በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ይዛ ሮጠች። አጎታችን ኩባያውን ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ። «ስኳር? ለሷ? ልትገድሏት ነው እንዴ?» አለ። ነርሷ በክርኗ ገፍታው አለፈች፤ እግዚአብሔር ክርኗን ይባርክላት። ሽምብራ ጠጣችው፤ ቀስ እያለች ወደ ራሷ ተመለሰች። ከንፈሯን ላሰችና «ስኳር እንዲህ ነበር እንዴ አክስቴ? ጣዕሙን ረስቼዋለሁ እኮ» አለችኝ። እስቲ ከረሜላ የምትሰርቅ ልጅ ይህን ትላለች? አጎታችን ሰምቷል። እናታችንም ሰምታለች።

ሐኪሟ ግን አላለፈችውም። «ቤት ይህን ያህል እየተወጋች ስኳሯ አልወርድ ብሎ ነበር፤ እዚህ ያንኑ ብትወጋ ልትሞትብን ነበር። የቤቱን ብልቃጥ አሁኑኑ አምጡልኝ» አለች። እኔ ልሄድ ስነሣ እናታችን ቀሚሴን ይዛ «ፍሪጁ በር ላይ ያለችውን ብቻ አምጪ፤ ከኋላ ያለውን እንዳትነኪ» አለችኝ። ከኋላ ምን አለ ብላት «የክፉ ቀን ነው» አለች።

ፍሪጁን ከፈትኩት። የተላጠ ሽንኩርትና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ፊቴን መታኝ። በሩ ላይ አንዲት የተጀመረች ብልቃጥ አለች፤ ከጎኗ ውሃ የያዘ ጠርሙስና ወፈር ያለ ስሪንጅ። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ደግሞ ባለቤቶቹ ሳይወስዱት በቀረ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ፈታሁት። ኢንሱሊን ነው ወንድሜ። ክዳኑ ያልተነካ፣ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ። አንተ በሰው የላክሃቸው እዚያ ናቸው፤ ጤና ጣቢያ የሰጧትም እዚያ ናቸው። አንዳንዱ ጊዜው አልፎበታል። እንደ ጌጥ እስኪያብረቀርቁ፣ አቧራ እንዳይነካቸው እየወለወለች አስቀምጣቸዋለች። እዚያው ፍሪጁ ፊት ቁጭ አልኩ። ልጅቷ የሚያኖራት ነገር ጠፍቶ ስታልቅ የሚያኖራት ነገር ከአልጋዋ በግድግዳ ብቻ ተለይቶ ተደርድሮ ነበር። ያኔ የመጣብኝ ለቅሶ አይደለም፤ ትውከት ነው። በዚያ በተደፈነ ቦይ ላይ ሆዴን አጠብኩት።

ሁሉንም ሰብስቤ ሆስፒታል ወሰድኩ። ነርሷ የነሱን ብልቃጥ በመዳፎቿ መሐል ስታንከባልለው እንደ ወተት ነጣ። የእኛን ስታንከባልለው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ስትመለከት እናታችን ከወንበሯ ሳትነሣ «አቅጥኜው ነው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሐፍረት የሚባል አልነበረም፤ ስለ ስታርች የምታወራ ነበር የምትመስለው። «አንድ ሰሞን መድኃኒቱ ጠፍቶ አልነበር? ያኔ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ አቅጥኜ ነው ያሻገርኳት። ከዚያ ወዲህ በረከተልኝ። መርፌውን ሙሉ አድርጌ ነው የምወጋት፤ ምን ጎደለባት?» አለች። ነርሷ በእጇ አፏን ሸፈነች። አጎታችን ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ይህን አላውቅም ነበር» አለ። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ልብስ ተኳሹ ኋላ እንደነገረኝ «ውሃ ነው የወጋሻት፣ ውሃ ነው የወጋሻት» እያልኩ ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። እናታችን ልጅቷን ጠልታት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን አንድም ጧት አላጓደለችም፤ ወገቧ እያመማት ተነስታ፣ እጇን ታጥባ፣ በስሟ እየጠራች ነው የምትወጋት። የምትወጋበት ቦታ ጭኗ ላይ አብጦ መግል ሲቋጥር አብሳላታለች፤ ያ ውሃ ያመጣው መሆኑን ግን አላሰበችም። ፍቅሯ እውነት ነው፤ ያቀጠነችውም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ነው የሚያንገሸግሸኝ። ውሃ ጨምራ የማታበረክተው ነገር ዓለም ላይ የለም መስሏታል፤ እኛም አጨብጭበንላታል።

አሁንስ ተለወጠች ወይ ትለኝ ይሆናል። ከክፍሉ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ «የዚህ ሆስፒታል አንሶላ እንዴት ነው የሚታጠበው? ነጩ ነጭ አይደለም» እያለች ለመጣው ሁሉ ታማርራለች። ትናንት ሐኪሟን ጠብቃ «ጊዜያቸው ያላለፈባቸው ብልቃጦች ይመለሱልኛል?» ብላ ጠየቀቻት። ሽምብራ ደግሞ ነርሷ እያስተማረቻት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን በራሷ ስትወጋ፣ እኔ በልቤ እልል እያልኩ ሳያት፣ እናታችን ከበሩ «አየሩን ስታስወጪ አንድ ጠብታ ፈሰሰሽ» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ስሪንጁን ወደ ላይ አደረገችና እያየቻት አንድ ጠብታ ደግማ አፈሰሰች። ደስ አለኝ። ኃጢአት ከሆነ ይሁንብኝ።

ሐኪሟ የነገረችኝን ሳላቀጥን ልንገርህ። ኩላሊቷ መድከም ጀምሯል፤ ሽንቷ ውስጥ መገኘት የሌለበት ፕሮቲን ተገኝቷል። ጅምር ስለሆነ ስኳሯ ከተስተካከለ ሊመለስ ይችላል ብላለች፤ ይመለሳል ግን አላለችም። ዓይኗ ላይ ሞራ አለ፤ እሱን በቀዶ ሕክምና ማንሳት ይቻላል፤ ከኋላ ያለው የዓይኗ ክፍል ግን በየጊዜው መታየት አለበት። ቁመቷ ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ የባከነውን ያህል ግን አይመለስም። የሚያስፈልጋት ውሃ ያልገባበት ኢንሱሊን፣ በወቅቱ ምግብ፣ ስኳሯን መለካትና ሌባ የማይሏት ቤት ነው። የመጨረሻውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሟ ግን አልተቃወመችም።

ስለዚህ ከአንተ የምፈልገውን ስማ። ሽምብራ ከዚህ ስትወጣ ወደ እኔ ቤት ትመጣለች። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ግማሹን የስፌት መኪናው ይዞታል፤ ቢሆንም አንድ አልጋ ይገባል፣ ለክቻለሁ። ፍሪጅ የለኝም፤ አከራዬ ግን ከፍሪጇ አንድ መደርደሪያ ለቅቃልናለች። ብልቃጡም መርፌውም በልጅቷ እጅ ይሆናል፤ እኔ አጠገቧ እሆናለሁ። እናታችን ይህን ስትሰማ «የሰጠኝ አባቷ ነው፤ አባቷ ካላለ ከቤቴ አትወጣም» አለች። አጎታችንም «የአባት ቃል ይጠበቃል» ብሎ ጎኗ ቆመ፤ ጢሙን ያሸው ነበር። እንግዲህ ቃሉ ያንተ ነው። ልጅህ ወደዚያ ወለል ብትመለስ እናታችን ዛሬ ብትምልልኝም፣ አንድ ቀን መድኃኒቱ ያነሰ ሲመስላት እጇ ወደዚያ የውሃ ጠርሙስ መሄዱ አይቀርም። አውቃታለሁ፤ አንተም ታውቃታለህ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ለእናታችን ደውልና «ልጄ ወደ እህቴ ትሂድ» በላት። ይህቺን ብቻ በላት። ስታለቅስ ታባብላታለህ፤ ቃልህን ግን እንዳታጥፍ።

ሌላም አለ። ለልጅህ ደውልላት። የምነግርህን እንደ ታላቅ እህትህ ስማኝ፤ አትምከራት፤ የሥራህን ድካም አትንገራት፤ «አያትሽ ብላኝ ነው» አትበላት። እውነት ነው ብላሃለች፤ አንተ ግን ያደግክበት ቤት ነው፣ መጠየቅ ትችል ነበር። ሁሉም የሚያመሰግናትን ልጅ ማመን ቀላል ነው። ያንተ ልጅ ግን ሁሉም አፏን እያሸተተ ሲፈርድባት የሚያምናት አንድ ሰው ስትፈልግ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ እንድሆን አልነበረም የምትፈልገው። አንተን አሁንም እወድሃለሁ፤ ስላስጠላኸኝ አልጠላሁህም። ይህንን ልዩነት ታውቀዋለህ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ።

በል ለራሰ በራው በያጅ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ዓይኑን ሳይሸፍን እንዳይበይድ እህትህ ብላለች በለው። ምግብ ለሚያበስልላችሁ ሽማግሌም እጅ ነሥቻለሁ። ከዚህ ልብስ ተኳሹ ሰላም ብሎሃል፤ አደራ ይደውልላት ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ከማንም በላይ የሚያፍርልህ እሱ ነው። አከራዬ ሳታውቅህ ሰላም ትልሃለች። አጎታችንም ሰላም ብሎሃል፤ ሲል ግን ወደ መስኮቱ እያየ ነበር። እናታችን ናፍቀሃታል፤ «ብርድ እንዳይመታው፣ ደረቱን ይሸፍን» ብላለች፤ ይህን የምትለው ከልቧ ነው።

ሽምብራ ግን ሰላምታ አልላከችም። ለአባትሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ አሰበችና «እሱ ይጀምር» አለችኝ።

ታላቅ እህትህ

ከሆስፒታሉ የልጆች ክፍል፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 19 ቀን